ባዶ አምፕሊፋየር የሚያዳምጡት መሪጌታ

የመሪጌታ ፈንታን ሞት የሰማሁት ጋሸና መገንጠያው ላይ፣ ወደ ላሊበላ የሚገባ ሚኒባስ ስጠብቅ ነው። ወልድያ ሰርግ ላይ ተጫውቼ መመለሴ ነበር። ቤዝ ጊታሬን በቦርሳው እንዳለ በጉልበቶቼ መሀል አቁሜ ሻይ ስጠጣ የባንዳችን ማሲንቆ ተጫዋች ጌጡ ደወለልኝ። «መሪጌታ አረፉ» አለኝ። «ዛሬ ረፋዱ ላይ። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ በቶሎ ድረስ።» ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ውይ» አልነበረም፤ «ነፍስ ይማር»ም አልነበረም። «አምፕሊፋየሩን ማን አጠፋው?» ነበር ያልኩት።

«ምን አልህ?» አለኝ። ደግሜ ጠየቅሁት። «አንተ ሰውዬ፣ ሰው ሞተ እኮ ነው የምልህ!» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ሻይዋን ያመጣችልኝ ልጅ ፊቴን አይታ ሒሳብ ሳትጠይቀኝ ሄደች። እኔም እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ስላልኩት ነገር እያፈርኩ፣ ግን የጥያቄውን መልስ አጥብቄ እየፈለግሁ ቀረሁ።

መሪጌታን የሚያውቅ ሰው አይፈርድብኝም። መሪጌታ ፈንታ ድምፃቸው የጠፋባቸው ሰው ነበሩ። ከዚያ በኋላ የኖሩበትን ዘመን ሁሉ የጠፋውን ድምፃቸውን አምፕሊፋየር ውስጥ ሲፈልጉ ነው የኖሩት። ይህን የምለው ለወሬ ማጣፈጫ አይደለም፤ እሳቸው ራሳቸው በሹክሹክታ የነገሩኝን ነው። በዚያ ሳምንት ደግሞ የሚፈልጉበት አምፕሊፋየር የእኔ ነበር።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥምጣማቸው ሁልጊዜ የጸዳ ሰው ነበሩ። የኮታቸው የግራ ኪስ ውስጥ የጸሎት መጽሐፍ፣ የቀኙ ውስጥ ፊውዝና ቴስተር ይይዛሉ። አንዳንድ ጊዜ ይሳሳቱና ፊውዝ ልስጥህ ብለው ውዳሴ ማርያም ያወጡልኛል። «ይሄም ይጠቅምሃል» ይሉና ሳይስቁ ይመልሱታል። ቤታቸው ከአስፋልቱ በታች ቁልቁለቱ ላይ ነው። የፊተኛዋ ክፍል የሥራ ቦታቸው ስትሆን፣ ግድግዳዋን ሙሉ ሆዳቸው የተከፈተ ስፒከሮችና የተቃጠሉ ሬዲዮኖች ተደርድረውባታል።

በወጣትነታቸው ድምፃቸው ጎርናና ነበር ይላሉ የሚያውቋቸው ካህናት። ማኅሌት ላይ ሲያነሡት የቆሙበት ወለል በእግር በኩል ይሰማል ይባል ነበር። ከብዙ ዓመት በፊት ግን ለንግሥ ይምርሐነ ክርስቶስ ሄዱ። ሰው ሁሉ ለምግብ ወደ ውጭ ሲወጣ እሳቸው ከዋሻው ውስጥ ቀሩ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ እነዚያ የጥንት ሙታን ተደራርበው ከተኙበት ዘንድ ሄዱ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሲነግሩኝ መበየጃውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ነበር።

«ዋሻው ምን ብሎ እንደሚመልስ ልስማ ብዬ ነው» አሉኝ። «ከፍ አላደረግሁም። ዝቅ አድርጌ፣ እታች ዜማዬ በሚያርፍበት ማረፊያዬ ላይ፣ አንዲት ቃል ብቻ ለቀቅሁ። ይመልሳል ብዬ ጠበቅሁ። አልመለሰም። ቆይቼ ቆይቼ ስወጣ አንገቴ ቀለለኝ። በሳምንቱ ድምፅ የሚባል ነገር ከእኔ ዘንድ አልነበረም።»

«ሐኪም ጋ አልሄዱም?» አልኳቸው።

«እንዴት አልሄድም! ጉሮሮዬ ላይ እባጭ አገኘ፤ አወጣልኝም። እባጩ እውነት ነው ልጄ፤ አልዋሽህም። ድምፄ የቀረው ግን እዚያ ነው።»

ይህን ሲሉ እንደሚያስፈራራ ሰው አልነበሩም። የጠፋ በሬ የት ሜዳ ላይ እንዳለ እንደሚያውቅ ገበሬ ነው የተናገሩት። እኔ ግን ፀሐይ ላይ ተቀምጬ በረደኝ።

ማኅሌት መምራት ሲያቅታቸው አጥቢያው የድምፅ ማጉያውን ጠባቂ አደረጋቸው። ድምፅ የሌለው ሰው የሁሉንም ድምፅ እንዲጠብቅ መሆኑ ነው። እዚያ ሳሉ አንድ ጠዋት፣ ማይክ ገና ሳይሰካ፣ ማጉያው በርቶ ባዶውን እምም ሲል ሰሙት። ቆመው አዳመጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዋሻው ያልመለሰው ነገር በዚህ በኩል ይመጣል ብለው አመኑ። የከተማውን አምፕሊፋየር ሁሉ እየጠገኑ፣ ምንም ሳይሰኩ፣ ድምፁን እስከ ጥግ ከፍተው፣ ግንባራቸውን ሳጥኑ ላይ አስደግፈው ያዳምጡ ጀመር። ሲጨርሱ ወዲያው አያጠፉትም። ጣታቸውን ማጥፊያው ላይ ያደርጉና «በቃ?» ብለው ይጠይቁታል። ትንሽ ይጠብቃሉ። ከዚያ ነው ቀጭ የሚያደርጉት። እኔ አንዴ ተቻኩዬ ሳልጠይቅ ባጠፋ፣ እንደዚያ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። «ሰው እየተናገረ በሩን ትዘጋበታለህ?» አሉኝ።

ካህናቱ ይቀልዱባቸው ነበር። መሪጌታ ለሆቴል ዘፈን ሽቦ ይበይዳሉ፣ በስተርጅና ዓለማዊ ሆኑ ይሏቸዋል። እሳቸው «ሽቦው ማን እንደሚናገርበት መቼ ያውቃል» ብለው ብየዳቸውን ይቀጥላሉ። ልጅ አልነበራቸውም። ባለቤታቸው እትዬ የሺ ግን ቀልዱ አያስቃቸውም ነበር። ከጓሮ በር ላይ ቆመው፣ ሳጥኑ ላይ የተደፋውን ጥምጣም አይተው አይተው ይመለሳሉ።

እኔን ከመሪጌታ ጋር ያቀራረበኝ የቤዝ ጊታሬ ጩኸት ነው። ላሊበላ ምሳ ላይ የምንጫወትበት ሆቴል ያረፈ አንድ እንግዳ ሲሄድ ትቶልኝ የሄደው ቤዝ ነው፤ እንደ ተራ ጊታር ሆዱ ክፍት የሆነ፣ ሆዱ ውስጥ ደግሞ ሽቦና ባትሪ ያለው። ያለ አምፕሊፋየር ለብቻ ሲጫወቱት ያምራል፤ ከበሮና ማሲንቆ ሲገቡ ግን ጣቴ ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ የሚሰማ ነገር የለም። የሆቴሉ ትልቁ ሞንታርቦ ላይ ስንሰካው ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። ሬ የምትባለዋን ድምፅ በነካሁ ቁጥር አዳራሹ ይጮሃል። እኔ እጄን ባነሳም አይተወውም፤ ራሱን በራሱ እያባሰ ይሄዳል። አንድ ቀን ምሳ ላይ ሽማግሌ ፈረንጆች ሹካቸውን ጥለው ጆሯቸውን ያዙ።

የሆቴሉ ባለቤት እትዬ አልጋነሽ ወገባቸውን ይዘው መጡ። እንግዳ ጠፍቶ ከርሞ ገና ብቅ ብቅ ማለቱ ነበር፤ አልፈርድባቸውም። «ስማ» አሉኝ፣ «የገና ዕለት ምሳ እንግዳ ሞልቶ ይመጣልኛል። ያን ቀን ይሄ ነገር እንደ ጅብ ከጮኸብኝ አንተም ሳጥንህም ከበር ውጭ ናችሁ። ኪቦርድ የሚጫወት ልጅ ከነዕቃው ተገኝቷል።» ሌላ ሥራ አልነበረኝም። በማግሥቱ መሪጌታ ቤት ሄድኩ።

አምፕሊፋየር ከመምረጥ በፊት አዳራሹን ልየው አሉ። ከሰዓት በኋላ፣ ወንበሩ ሁሉ ባዶ ሆኖ ሳለ መጡ። መዳፋቸውን የድንጋዩ ግድግዳ ላይ ለጥፈው «ከታች ጀምረህ አንድ በአንድ ንካልኝ» አሉኝ። ያለ ምንም ማጉያ፣ ቀስ እያልኩ ድምፅ በድምፅ ወደ ላይ ወጣሁ። ሬ ላይ ስደርስ መዳፋቸውን እንደተቃጠለ ሰው አነሡት።

«ይቺ የቤቱ ናት» አሉ። «ቤት ሁሉ የራሱ አለው። ስትጠራው አቤት ይልሃል፤ አንተ ደግሞ መልሰህ ትሰማዋለህ፤ እንዲህ እያላችሁ ነው የምትጮሁ። ያንተ ጊታር ሆድ አለው። የሰማውን ይደግማል። ስለዚህ ጉልበተኛ አምፕሊፋየር አይበጅህም። ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚናገር ትሑት ነው የሚበጅህ።»

ከዚያ ጊታሩን ወሰዱና አውታሮቹን፣ ሳይጫኗቸው፣ እያንዳንዳቸውን በአውራ ጣታቸው ነኩ። ሦስተኛው ላይ፣ ማለትም ከወፍራሟ ቀጥላ ያለችው ላይ ሲደርሱ፣ ደግመው ነኳት። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ። «ይቺን ምን ትሏታላችሁ?»

«ላ» አልኳቸው።

«ላ» አሉ በሹክሹክታ። «የእኔ ማረፊያ እዚች ላይ ነበረች። ልክ እዚች ላይ።» ቀጥለው የሆቴሉን ሞንታርቦ ባዶውን አበሩትና «እሱስ?» አሉኝ። አዳመጥኩ። ባዶ አምፕሊፋየር ሁሉ እምም የሚለው አንድ ዓይነት ነው፤ የመብራቱ ድምፅ ስለሆነ አይለወጥም፤ ከሶል ትንሽ ከፍ ይላል፣ ላ ግን አይደርስም። ይህንኑ ነገርኳቸው። «አውቃለሁ» አሉ። «ስንት ዓመት ሙሉ ሁሉም እዚያው ናቸው። አንድ ቀን ወደ ላይ ወጥቶ እዚች ላይ ሲያርፍ የሰማህ እንደሆነ፣ የትም ብትሆን ጥራኝ።»

እንግዲህ ያን ቀን ነው የሚፈልጉትን በትክክል ያወቅሁት። ድምፁ ካለበት ወደ ላይ፣ አንዲት ደረጃ ያህል ብቻ እስኪወጣ ነበር የሚጠብቁት። ይህ ሊሆን እንደማይችል እኔ ተምሬያለሁ። ልነግራቸው ግን አልደፈርኩም።

ለመግዛት የሄድነው ፍላቂት ነው። አያ ሙጬ የሚባል፣ ለሰርግና ለስብሰባ ዕቃ ሲያከራይ የኖረ ሰው ሥራውን ትቶ ዕቃውን እየሸጠ ነው ሲባል ሰማን። ብርዱ አጥንት ይነካል። አያ ሙጬ ጋቢውን እንደተከናነበ ከቤቱ ጓሮ ወደ አንድ መጋዘን አስገባን፤ ከገብስ ጆንያዎቹ መሀል ሦስት አምፕሊፋየር ተቀምጧል።

የመጀመሪያው ወገቤ ድረስ የሚደርስ ጥቁር ነበር። ጊታሬን ሰክቼ አንዴ ብነካው መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ ልቤ እዚያው ቀረ። መሪጌታ ሽቦውን ነቀሉና ባዶውን ከፈቱት፤ ጥምጣማቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ግንባራቸውን አስደገፉ። ቀና ሳይሉ አያ ሙጬን ጠየቁት። አገልግሎት ላይ የዋለ አምፕሊፋየር በገዙ ቁጥር የሚጠይቁት ጥያቄ ነው።

«በመጨረሻ ምን ተናገረ?»

«እ?»

«ይሄ ዕቃ። መጨረሻ የተከራየው ለምን ነበር?»

አያ ሙጬ ሳቀ። «ሰርግ ነዋ! አንቱ ደግሞ፤ ምን ሊናገር ኖሯል?»

«ሰርግ አይደለም» አሉ መሪጌታ። «ሰው አለበት።»

የአያ ሙጬ ሳቅ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀዘቀዘ። ጋቢውን ሰብሰብ አደረገ። «የወንድሜ ልቅሶ ነው» አለ ቆይቶ፣ ወደ ጆንያዎቹ እያየ። «እዚህ ግቢ ውስጥ። የሕይወት ታሪኩን ያነበብሁበት እኔ ራሴ ነኝ። ከዚያ ወዲያ አላበራሁትም። ማን ነገራችሁ?»

ማንም አልነገረንም። እኔ እንደ ተማረ ሰው ምክንያቱን ፈለግሁ፤ ሳጥኑ ጀርባ ላይ የጥቁር ጨርቅ ክር ተይዞ አየሁ፤ ምናልባት መሪጌታም አይተውት ይሆናል። ግን እሳቸው የቆሙት በፊት ለፊቱ በኩል ነው። «አትሽጠው ወንድሜ» አሉት አያ ሙጬን በለሆሳስ። «ቤትህ ይቀመጥ።» እሱም ራሱን ነቀነቀ። ከአፍንጫዬ ሥር የተወሰደብኝ ያ የሚያምር አምፕሊፋየር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሁለተኛው ብዙ ቁልፍ ያለው ፕላስቲክ ነበር። መሪጌታ አንዴ አዳመጡትና «ይሄስ የራሱን ነው የሚያወራ፤ ያንተን አይሰማህም» ብለው ገፉት። ሦስተኛው ትንሽ፣ ቡናማ፣ አቧራ የጠጣ ነበር። አያ ሙጬ ከሌላ ዕቃ ጋር ተጠቅልሎ እንደመጣለትና አንድም ቀን በርቶለት እንደማያውቅ ነገረን። መሪጌታ ከቀኝ ኪሳቸው ፊውዝ አወጡና ቀየሩለት። በራ።

ያኔ ግንባራቸውን አስደግፈው የቆዩትን ያህል ሲቆዩ አይቼ አላውቅም። አያ ሙጬ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ተመለሰ። በመጨረሻ ቀና ሳይሉ በእጃቸው ጠሩኝና «ስካና ላን ንካልኝ፤ ቀስ ብለህ» አሉኝ። ነካሁ። ድምፁ ትልቅ አልነበረም። ግን ክብ ሆኖ፣ ከሳጥኑ ሳይሆን ከሰው ደረት የወጣ መስሎ መጣ። የመሪጌታ ከንፈር አብሮ ሲንቀሳቀስ አየሁ። አፋቸው ተከፍቶ፣ የአንገታቸው ሥር ተገትሮ፣ ምንም ድምፅ ሳይወጣቸው ከአውታሩ ጋር ያዜሙ ነበር። ፈራሁና ጣቴን አነሳሁ።

«ይሄን ግዛ» አሉኝ። ምክንያቱንም ዘረዘሩልኝ፤ ንጹሕ ነው፣ አይጨምርም፣ አንዲትን ድምፅ ነጥላ የምትቀንስ ቁልፍ ስላለችው የአዳራሹን ሬ ትቆርጥልሃለች አሉኝ። ሁሉም እውነት ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ግን ቡናማው ሳጥን ጉልበታቸው ላይ ነበር እንጂ ጉልበቴ ላይ አልነበረም። ጋሸና ስንደርስ አላስቻለኝም።

«መሪጌታ፣ ይሄን የመረጡት ለእኔ ነው ለራስዎ?»

መኪናው አንድ ኮረብታ እስኪጨርስ ሳጥኑን በሁለት እጃቸው ደግፈው ያዙ። «ለሁለታችንም» አሉኝ። አልዋሹኝም፤ ስለዚህ አልተቀየምኳቸውም።

የገና ዕለት ቀደም ብለው አዳራሽ መጡ። ከመንገድ ያነሡትን ጠፍጣፋ ቀይ ድንጋይ በነጠላ ጫፍ ጠርገው መድረኩ ላይ አኖሩና አምፕሊፋየሩን እላዩ ላይ አስቀመጡት። እኔ ጣውላው ላይ በቀጥታ ላደርገው ነበር። «ጣውላው ራሱ ከበሮ ነው» አሉኝ፣ «ሥሩ ባዶ ነው። ባዶ ለባዶ አታገናኝ።» ሬን የምትቀንሰዋን ቁልፍ አዞሩ። ምሳው ላይ አዳራሹ ሞልቶ ስንጫወት አንዴም አልጮኸም። እትዬ አልጋነሽ ከዳቦው ጠረጴዛ አጠገብ ቆመው፣ ይጮሃል ብለው የቋጠሩትን ፊታቸውን ቀስ እያሉ ፈቱት። የኪቦርዱን ልጅ ነገር ከዚያ ወዲያ አላነሡብኝም።

መሪጌታ የወጥ ቤቱ በር ላይ ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ቆመው ነበር። ስንጨርስ ሄጄ እጃቸውን ሳምኩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። «ሰማኸው?» አሉኝ። «ከሶል ላይ ተነሥቷል። እየመጣ ነው።» እኔ የሰማሁት የአዳራሹን ጭብጨባ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሥራ በሌለኝ ቀን ሁሉ አምፕሊፋየሩን ይዋሱኛል። ስሄድ ባዶውን አብርተው ግንባራቸውን አስደግፈው አገኛቸዋለሁ። እየቀረበ ነው ይሉኛል። አንድ ቀን «አጥር በር ደርሷል» አሉኝ፤ ወደ በሩ ዞር ብዬ አየሁ፤ በራሴም ሳቅሁ። ለወልድያው ሰርግ ስጠራ እዚያ ባለ ዕቃ ልጫወት ስለነበር ጊታሬን ብቻ ይዤ፣ አምፕሊፋየሩን ለሳምንት እሳቸው ዘንድ ተውኩት። በር ድረስ ሸኙኝ። «በደህና ግባ» አሉኝ። «ስትመለስ ታገኘናለህ።» ታገኘኛለህ አላሉም።

ቀብሩ ላይ ለጥቂት ደረስኩ። ልቅሶ ቤት ግን ከእትዬ የሺ ጋር ለብቻችን ለመነጋገር የቻልነው በሦስተኛው ቀን፣ ሰው ቀለል ሲል ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ላጽናናቸው ብቻ አልነበረም የሄድኩት። በማግሥቱ ምሳ ላይ ሆቴሉ ሥራ ነበረኝ፤ አምፕሊፋየሬን ልወስድ ነበር። እንዴት ብዬ እንደማነሳው ሳስብ እሳቸው ራሳቸው ጀመሩልኝ።

«ጠዋት ምንም ሳይቀምሱ ገቡና አበሩት» አሉኝ። «እንደ ልማዳቸው ነው ብዬ ተውኋቸው። ጓሮ ጌሾ እየቀነጠስሁ እምም ሲሉ ሰማሁ። ልጄ፣ የድሮው ድምፃቸው ነው። በእሱ ነው ያገባኋቸው፤ አይጠፋኝም። ሥራዬን ትቼ ቁጭ ብዬ አደመጥሁ። ጎረቤቴም በአጥር ብቅ ብላ፣ መሪጌታ ተሻላቸው እንዴ፣ ድምፃቸው ተመለሰ አለችኝ። አዎን ተመለሰ አልኋት። ረፋድ ላይ መብራት ሄደ። ድምፁም ቀጥ አለ። ምነው መሪጌታ ብዬ ገባሁ። ግንባራቸውን እንዳስደገፉ ናቸው። እጃቸውን ብይዘው በረዶ ነው፤ ደርቋል። ገና በማለዳው ነው ያረፉት። ታዲያ እስከ ረፋድ የሰማሁት ማንን ነው?»

ሰው ሲነካው የአምፕሊፋየር እምምታ እንደሚለዋወጥ አውቃለሁ። የቀዘቀዘ ግንባርም ግንባር ነው። ይህን ግን ለራሴ ያዝኩት።

«ማን አጠፋው?» አልኳቸው ብቻ።

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። «እኔ ነኝ» አሉ። «አስከሬኑ ሊወጣ ሰው ሞልቶ ሳለ መብራት መጣ። ከዚህ ክፍል እምም አለ። ሴቶቹ ልቅሷቸውን አቆሙ። ሰው ፊት አፈርሁና ሮጬ ከግድግዳው ነቀልሁት። ሳልጠይቃቸው። በቃ ሳልላቸው ነቀልሁባቸው!» ከዚያ በኋላ ያለቀሱት ልቅሶ የሦስት ቀኑን ሁሉ የሚያስንቅ ነበር። ሞታቸውን ሳይሆን ያንን ነቀላ ነበር የሚያለቅሱት።

እንባቸው ጋብ ሲል ክንዴን ያዙኝ። «አብራልኝ። አንዴ ልጠይቃቸውና፣ በቃ ካሉ ትወስደዋለህ፤ የእንጀራህ ዕቃ ነው።»

የፊተኛዋ ክፍል እንደነበረች ናት። ቡናማው ሳጥን ከጠረጴዛው ላይ፣ ሽቦው መሬት ላይ ወድቋል። ጊታሬ ቤቴ ነበር፤ ምንም የሚሰካበት ነገር አልነበረም። ግድግዳው ላይ ሰካሁት። ማጥፊያው እሳቸው እንዳበሩት እንደበራ ነበር። ትንሽ ቆየና እምም አለ። እትዬ የሺ ፊት ለፊቱ ባለችው፣ መሪጌታ ይቀመጡባት በነበረችው ዱካ ላይ ተቀመጡ። ጣቴን ማጥፊያው ላይ አደረግሁ።

«መሪጌታ» አሉ እትዬ የሺ። «ይቅር በሉኝ። በቃ?»

ጠበቅን። መልስ ይመጣል ብዬ አይደለም የጠበቅሁት፤ ለእትዬ የሺ ብዬ ነው። እንዲያው ዝም ብሎ ከመቆም ብዬ፣ ምንም ሳላስብ፣ ጎንበስ አልኩና ግንባሬን ሳጥኑ ላይ አስደገፍኩ።

ሶልን አውቃታለሁ። የመብራት እምምታ የት እንዳለ ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ እነግራችኋለሁ። ከግንባሬ በጥርሴ በኩል ወደ ደረቴ የገባው ግን ሶል አልነበረም። ላ ነበር። ልክ ላ፣ ማረፊያው ላይ። ሳይንቀጠቀጥ፣ ሳይቸኩል፣ ረጅም ትንፋሽ እንዳለው ሰው።

«ምን አሉ?» አሉኝ እትዬ የሺ።

የምሳው ሥራ ትዝ አለኝ፤ እትዬ አልጋነሽም፣ የኪቦርዱ ልጅም። ያን ዕለት ባልወስደው ምን እንደሚከተል በደንብ አውቅ ነበር፤ ተከተለም።

«ገና ነው ይላሉ» አልኳቸውና ጣቴን ከማጥፊያው አነሳሁ።